ቆቅ የመሰከረችለት ፍሬን

በመጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውጣ። አንድ ጊዜ በእጄ ያልነካሁትን፣ በዓይኔም ያላየሁትን የመኪና ዕቃ፣ ስልክ ላይ ከፎቶው ሥር «ገዝቼዋለሁ፤ አንደኛ ነው፤ በሰዓቱ ደረሰልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። መኪና እንኳ የለኝም። ሻጩ አንዲት ሻርፕ በነፃ ልኮልኝ ነበር፤ የጻፍኩት ለሻርፗ ነው። ቃሌን አምኖ ያንን ዕቃ የገዛው ሰው ዛሬ በሕይወትም በጤናም አለ፤ ተመስገን። እሱ በሰላም ባይገባ ኖሮ ይህን ተረት የማወራበት አፍ አይኖረኝም ነበር።

በሉ እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስጨርስ እንዳለ እመልሳለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ ዕቃም ሲከፋው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ተራራ አናት ላይ እመት ቆቅ ትኖር ነበር። ቆቅን ታውቋታላችሁ። ቅጠል ኮሽ ሲል ትሰማለች። ጥላ ሲያልፍ ታያለች። ወጥመድ ከሩቅ ይሸታታል። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ ነገር ሲያጠራጥር «ቆቅ ምን አለች?» ይባላል። ቆቅ «ደህና ነው» ካለች ደህና ነው። ቆቅ «እንጃ» ካለች ማንም አይጠጋውም።

በዚያው ተራራ አያ አህዮ ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጫን ኖሮ፣ ጀርባው ሲላጥ ጊዜ «ከእንግዲህ ጫኝ እንጂ ተጫኝ አልሆንም» አለና ባጃጅ ገዛ። ባጃጇ ከእሱ በፊት ሦስት ጌቶች ያየች፣ አፏ የማያርፍ አሮጊት ነበረች። የድሮ መጫኛውን፣ ያንን ሸክሙ ይታሰርበት የነበረውን ረጅም ጠፍር፣ ሊጥለው ሆዱ እምቢ አለው። ማንም እንዳያይበት ግን ከመቀመጫው ሥር ደበቀው።

ከተራራው አናት ወንዝ ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት የሚወስደው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ገደል። አያ አህዮ በየማለዳው የጦጣን፣ የጥንቸልን፣ የሚዳቋን ልጆች ጭኖ ይወርዳል።

አንድ ሰሞን ባጃጇ ቁልቁለቱ ላይ «ክርርር» ማለት ጀመረች። አያ አህዮ ወደ አያ ከርከሮ ጋራዥ ወሰዳት። አያ ከርከሮ አፈር ላይ መንጋለል ስለሚወድ ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ተኛ፤ አሮጌውን የፍሬን ሸራ ፈትቶ ወጣ።

«አልቋል» አለ። «ይህን አሮጌውን ያዝና ከተማ ውረድ። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ፣ አስተያይተህ ግዛ። ናሙና ሳትይዝ ዕቃ እንዳትገዛ።»

«ከተማው እኮ ሩቅ ነው።»

«ገደሉ ግን ቅርብ ነው» አለ አያ ከርከሮ።

አያ አህዮ መንገዱ ደከመው፤ ገና ሳይሄድ ደከመው። ስልኩን አወጣ።

እዚህ ላይ ስለ አያ ቁሮ ልንገራችሁ። አያ ቁሮ በስልክ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኦንላይን ሱቅ ከፍቷል። ሱቁ በር የለው፣ መደርደሪያ የለው፤ ፎቶ ብቻ ነው። ያዘዘ ሰው ዕቃው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል ይላል። መጀመሪያ ግን ማንም አልገዛውም፤ የቁራ መልእክተኛ ሄዶ እንደሚቀር አገሩ ሁሉ ያውቃላ። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ እመት ቆቅ ደጅ በርሮ መጣ።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት ቆቅ።»

«ደህና። እዚያው ሆነህ ተናገር።»

«ከፎቶዬ ሥር አንድ ቃል ብትጽፊልኝ ብዬ ነው።»

«ዕቃህን አላየሁትም።»

«ፎቶውን አይተሽ የለ?»

«ፎቶ ምኑ ይያዛል? ፎቶ አይነከስም።»

አያ ቁሮ አንድ ቁና ማሽላ ፊቷ ዘረገፈ። «ይህስ ይነከሳል» አለ።

ቆቅ ማሽላውን ዞረችው። ገመድ የለበትም። መረብ የለበትም። ጉድጓድ የለበትም። ወጥመድ አይደለም አለችና በላች፤ ስትጠግብም ጻፈች። «እኔ ቆቅ ገዝቻለሁ፤ አንደኛ ነው።»

ሦስት ጊዜ ማሽላ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ጻፈች።

የመጀመሪያውን አይታ እመት ጦጢት መስታወት አዘዘች። ፎቶው ላይ በር የሚያህል ነበር፤ ሲመጣ ጥፍር አከለ። «ልኩን መች ጠየቅሽኝ?» አላት አያ ቁሮ። ጦጢት በአንድ ዓይኗ አንድ ዓይኗን እያየች ቀረች።

ሁለተኛውን አይታ እማማ ኤሊ ለአራት እግሯ አራት ጫማ አዘዘች። አራቱም የግራ ሆነው መጡ። «ስትለምጂው ይስተካከላል» አላት። እማማ ኤሊ አድርጋው ወጣች፤ ሳምንት ሙሉ ሄዳ ሄዳ ቀና ስትል የራሷ ደጅ ላይ ናት።

ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። ቆቅ ከመሰከረች ጥፋቱ የራሴ ነው ብለው አፈሩ።

ሦስተኛውን ያየው አያ አህዮ ነው። የፍሬን ሸራ ፎቶ፣ ከሥሩ «እኔ ቆቅ ገዝቻለሁ፤ አንደኛ ነው» ይላል። ሳቅ አለ። አዘዘ። አዲሱን ሳያይ አሮጌውን ሸራ ከመንገዱ ዳር ሣር ውስጥ ወረወረው።

ዕቃው መጣ። አያ አህዮ ጋራዥ ወሰደው።

«አሮጌው የታለ? ላስተያየው» አለ አያ ከርከሮ።

«ጣልኩት።»

«እንግዲያ እኔ በዚህ አላምንም።»

«ቆቅ መስክራለች። አንተ ከቆቅ ትበልጣለህ?»

አያ ከርከሮ ገጠመለት።

ባጃጇ ተናገረች። «ልጄ፣ ይህ ነገር እግሬን አይዘኝም። ካርቶን ካርቶን ይለኛል።»

«አንቺ ደግሞ ካላማረርሽ ቤንዚን አይወርድልሽም። ቆቅ መስክራለች።»

በመጨረሻ አዲሱ ሸራ ራሱ፣ ከጎማው ውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረ። «ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔ ፍሬን መሆኔን እጠራጠራለሁ። የጫማ ሶል እንዲሆን ታስቤ ይመስለኛል።»

«ዝም በል፣ ራስህን አታዋርድ» አለው አያ አህዮ። «ቆቅ መስክራልሃለች።»

በማግስቱ ማለዳ እመት ቆቅ እህል ልትለቅም ወጣች። ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ። አንገቷን አሰገገች።

«ማን ነህ?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ የሰው ልጅ ገደል ያላስገባሁ ሸራ ነኝ። ቆቅ መስክራለች ብሎ ጌታዬ ጣለኝ። ቆቅ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«አዲሱን አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ነካሽው?»

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የመሰከርሽው?»

ከወዲያ የባጃጇ ጥሩንባ ተሰማ፤ አያ አህዮ ልጆቹን እየሰበሰበ ነው። የቆቅ ጫጩቶች በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ቁልቁለቱ ክፉ ነው ይባላል፤ ቀናቸው ደርሶ ነው ይባላል፤ እሷም ለቅሶ ትደርሳለች። ይህን አሰበችው። አስባው ሳትጨርስ አሮጌውን ሸራ በመንቁሯ ነክሳ እየጎተተች፣ እየወደቀች እየተነሣች ሮጠች።

ደረሰች። ባጃጇ ሞልታ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆማለች። ቆቅ ከፊት ጎማው ሥር ገብታ ተኛች።

«ልጆቹን አውርዳቸው» አለች።

«ምነው እመቴ፣ ረፈደብን እኮ።»

«አልገዛሁትም። አላየሁትም። ለማሽላ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ልጆች ሊሸኙ የመጡት ሁሉ ከበቧት። አያ አህዮ ጆሮውን አራገፈ። «ይህ ሊሆን አይችልም። ቆቅ አትዋሽም።»

«አሁን ነው የማልዋሸው።»

«ታዲያ የትናንቷን ልመን፣ የዛሬዋን?»

አያ ከርከሮ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ። «ሁለቱንም አትመን» አለው። «ልጆቹን አውርድና ሞክረው። ጠንካራ ገመድ ያለው አለ?»

አያ አህዮ መሬት መሬት አየ።

«ከመቀመጫዬ ሥር መጫኛ አለው» አለች ባጃጇ። «አፍሮበት ነው።»

ልጆቹ ወረዱ። መጫኛውን አንዱን ጫፍ ከባጃጇ ወገብ፣ ሌላውን ጫፍ ከትልቁ ዋርካ ጋር አሰሩት። አያ አህዮ ብቻውን ገባ። ቁልቁለቱን ጀመረ። አንዴ ረገጠ፤ ያዘ። «ይኸው» አለ። ሁለተኛ ረገጠ፤ ጨሰ። ሦስተኛ ረገጠ፤ ሸራው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ባጃጇ በረረች። ገደሉ አፍ ከፈተ። መጫኛው ተወጠረ፣ አቃሰተ፣ ረዘመ። ያዘም። የፊት ጎማዋ ባዶ አየር ላይ እየዞረ ቀረ።



«እግሬን አይዘኝም ብዬ ነበር» አለች ባጃጇ።

«እኔም ተናግሬያለሁ» አለ የተፈረፈረው ሸራ።

ትንሿ ሚዳቋ ገደሉን አየት አድርጋ፣ «ታዲያ ዛሬ ትምህርት የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ያኔ ሁሉም ሳቁ። እያለቀሱ ሳቁ። ጦጢት ልጆቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ባጃጇንና አያ አህዮን ተጋግዘው ጎትተው አወጧቸው። አያ አህዮ መጫኛውን ፈትቶ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያፍርበት የኖረውን፣ በሰው ፊት ሳመው።

ከዚያ ጦጢት ወደ ቆቅ ዞረች። «መስታወቱም?»

«መስታወቱም።»

«ጫማውም?» አለች እማማ ኤሊ።

«ጫማውም፣ እማማ።»

«እኔ እኮ እግሬን ስወቅሰው ከረምኩ» አለች ኤሊ።

ወደ አያ ቁሮ ደወሉ፤ አያነሳም። ወደ ምሰሶው ሄዱ፤ ላባ ብቻ አገኙ። ሌላ ምሰሶ ላይ በሌላ ስም ተቀምጧል ይባላል። የቁራ መልእክተኛ፤ ሄዶ ቀረ። አያ አህዮ አሮጌውን ሸራ በኪሱ ከትቶ በእግሩ ከተማ ወረደ፤ ጎን ለጎን አስተያየ፤ ትክክለኛውን ይዞ ተመለሰ። አያ ከርከሮ ሲገጥመው አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንደ ፉጨት ያለ ነገር ግን ሲያፏጭ ተሰምቷል።

እመት ቆቅ ሦስት ደጅ ሄደች። በየደጁ ጎንበስ ብላ «ያላየሁትን መስክሬ ነበር» አለች። ጦጢት ቶሎ ይቅር አለቻት። አያ አህዮ ቆየት ብሎ ይቅር አላት። እማማ ኤሊ ደግሞ ይቅር ልትላት ወደ ቆቅ ቤት ጉዞ ጀምራለች፤ ጫማውን አውልቃለችና አሁን መድረሷ አይቀርም።

ዛሬም ቆቅ ድምፅ ከማሰማቷ በፊት አንገቷን አስግጋ ግራ ቀኙን ታያለች። አዳኝ ፈርታ ብቻ አይምሰላችሁ። ድሮ የምትጠነቀቀው ለራሷ ነበር፤ ዛሬ ቃሏን ሰምቶ ለሚሄደው ጭምር ነው። በዚያ አገርም እንዲህ ይባላል፤ ያላዩትን መመስከር፣ ቁልቁለት ላይ ሰው መወርወር።

ያዋሳችሁኝን ጆሮ ይኸው መልሻለሁ። ከዚያ ፎቶ ሥር የእኔን ቃል አንብባችሁ ያመናችሁ ካላችሁ፣ ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።