የሦስቱ ድስቶች ጨርቅ

አንድ ሰው ልጁን ሊድር ደገሰ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር፤ በዚያ ቤት ያለ እሷ ሲደገስ የመጀመሪያው ነው። እሷ ሳለች ከዚያ ግቢ አንድም እንግዳ ተቀይሞ ወጥቶ አያውቅም። ሰውየው የሚፈራውም ይህንኑ ነበር። ስለ ሙሽራው አልተጨነቀም፤ ስለ ድንኳኑም አልተጨነቀም። ሲነሣ ሲተኛ የሚያስበው ስለ ወጥ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ላይ ነው፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። አንዱ የሌላውን አይበላም፤ በዚህም ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ሳይነግሩ ማብላት ነው። በዚያ ላይ የጽጌን ጾም የያዙ አሮጊቶች አሉ። ስለዚህ ሦስት ድስት ወጥ ተሠራ፤ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ ጎረቤቱ ሐጂ ያረዱት የሙስሊም ሥጋ፣ አንዱ ምስር። ድስቶቹ እድሩ በቅርቡ የገዛቸው ናቸው፤ አንድ ሆድ ያፈራቸው ይመስላሉ። ወጥ ቤቷ እንዳይምታታባት በየድስቱ ላይ ጨርቅ አሰረች፤ ቀይ ለክርስቲያኑ፣ አረንጓዴ ለሙስሊሙ፣ ነጭ ለጾሙ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ሰውየው ግን የታላቅ ወንድሙን ልጆች ያውቃቸዋል። እነዚያ ጎረምሶች ድግስ ባለበት ሁሉ ከእንግዳው ቀድመው ጓዳ ይገባሉ፤ ሲወጡ ጉንጫቸው አብጦ ነው። እናም ማለዳ ብቻውን ገባና ጨርቆቹን ፈትቶ አለዋወጣቸው። አንድም ድስት የራሱን ጨርቅ እንዳያስር አደረገ። «እስቲ አሁን ይምጡና ምስር ይስረቁ» ብሎ ለብቻው ሳቀ። ለማንም አልነገረም። ወዲያው የሙሽራው ወገኖች ደረሱ፤ እነሱን ሲያስቀምጥ፣ ጠላ ሲያስቀዳ፣ አብሮም ሲጠጣ፣ የቱን የት እንዳሰረ ከራሱ ጠፋ።

ድንኳኑ ሞላ። ወጥ ቤቷ ለጿሚዎቹ ልታወጣ ነጭ ጨርቅ ያሰረውን ድስት ክዳን አነሣች። የጎድን አጥንት ብቅ ብሎ ጠበቃት። ቀዩን ከፈተች፤ ሥጋ። አረንጓዴውን ከፈተች፤ ምስር።

«ጋሼ! ኧረ ቤትዎ ሰይጣን ገብቷል!»

ሰውየው ሮጦ መጣ፤ ሐጂና ታላቅ ወንድሙም ተከተሉት። ድስቶቹን ሲያይ ሰይጣኑ ማን እንደሆነ ገባው።

«ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ? ለምን ሲባል?»

«ለሌባ ብዬ።»

«ሌባ ስትል ልጆቼን ነው?» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«ሌባው ቀርቶ ባለቤቱም አላወቀው!» አለች ወጥ ቤቷ።

ምስሩስ ታወቀ። የቀሩት ሁለቱ ግን ያው ቀይ ወጥ፣ ያው አጥንት፣ ያው ቅባት ናቸው። ታላቅ ወንድሙ ይቀመስ አለ።

«ማን ይቅመስ?» አለች ወጥ ቤቷ። «እኔ እንዳልቀምስ የሐጂ ቢሆንስ?»

«እኔም እንዳልቀምስ የእናንተ ቢሆንስ?» አሉ ሐጂ። «ደግሞስ ቢቀመስ ምን ሊል ነው? ያረደኝ እከሌ ነው አይል።»

«እንግዲያው ሁሉም ምስር ይብላ!» አለ ታላቅ ወንድሙ።

ይህን የሰሙት ጿሚ አሮጊቶች ከጥግ «ምን ሲደረግ!» ብለው በአንድ ድምፅ ተነሡ። ድንኳኑ መንሾካሾክ ጀመረ። በር አካባቢ የነበሩት ጫማቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ሐጂ ይህን አይተው ሰውየውን ትከሻውን ያዙት። «ግድ የለም ወንድሜ። እኛ ዛሬ ዳቦውን በልተን፣ መርቀን እንሄዳለን።»

ሰውየውን ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ወጋው። ሚስቱ ይህን ብትሰማ ብሎ አሰበ። በርጩማ ስቦ ከድስቶቹ ፊት ቁጭ አለ። ወጥ ቤቷ ሊያለቅስ መሰላት።

«ቁጭ ከምትል የቱን የት እንዳሰርክ አስታውስ!» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዳቸውም የራሳቸውን ጨርቅ አላሰሩም።»

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ሐጂ።

«ዛሬ የምድራትን ልጄን!»

ከዚያ ቀይ ጨርቅ ወዳሰረው ድስት ጣቱን ቀሰረ። «ይኼ የክርስቲያን ነኝ ይላል። ውሸቱን ነው፤ ያዋሸሁት እኔ ነኝ። ምስርም አይደለም፤ ምስሩ ያውና፣ ከአረንጓዴው ሥር። የክርስቲያንም ካልሆነ፣ ምስርም ካልሆነ፣ ምን ቀረው?»

«የሐጂ!» አለች ወጥ ቤቷ።

«ነጩስ?»

«የእኛው ነዋ! ሌላ ምን ተረፈ?»

«ውሸታም ጨርቅ አምናችሁ ልትበሉ ነው?» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«አልፎ አልፎ ቢዋሽ ኖሮ አላምነውም ነበር» አለ ሰውየው። «ይኼ ግን አንዴም እውነት አልተናገረም።»

ሐጂ ወደ ድስቶቹ ቀርበው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው በጣታቸው ደገሙት፤ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ፣ ከቀዩ ወደ ነጩ። መሐል ላይ ተሳስተው ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ጀመሩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ጣታቸውን በዓይኑ ይከተላል። ከቀዩ ድስት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«የእጅ ውሃ አምጡልኝ» አሉ።

ማዕዱ ቀረበ። ሐጂ በሉ፤ ሐጂን አይተው ሌሎቹም በሉ። ክርስቲያኖቹም የራሳቸውን በሉ፤ አሮጊቶቹም ድስታቸውን ከበው ተቀመጡ። ታላቅ ወንድሙ ብቻ አላመነም። ቀኑን ሙሉ ከአሮጊቶቹ መሐል ተቀምጦ ምስር ሲበላ ዋለ።

ልጄ፣ ትናንት ክፍል ውስጥ፣ የተጻፈባቸው ስም ሁሉ ውሸት የሆነ ሦስት ሳጥኖች ሰሌዳ ላይ ስስል «መምህር፣ ከፍቶ ማየት እያለ ለምን ጭንቅላታችንን እናዞራለን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የዚያ ሰው ድስቶች ሦስቱም ተከፍተው ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አይቷቸዋል። ዓይን ያገኘው ሥጋ መሆኑን ነው፤ የማን ሥጋ እንደሆነ ያገኘው ግን ቁጭ ብሎ ያሰበው ሰው ነው። የአንቺም ሳጥን እንዲሁ ነው። ክፈቺው፤ አልከለክልሽም። ከከፈትሽው በኋላ ግን ቁጭ ብለሽ አስቢ። ያለበለዚያ እንደ ታላቅ ወንድምየው፣ ጾም ሳይኖርብሽ ምስር ስትበዪ ትውያለሽ።