ከፕሬሸሩ የወጣው ጠርሙስ

አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ የፕሬሸሩን ፉጨት ትጠብቃለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ዓይኗ ከእሳቱ አይነቀልም። ድስቱ ውስጥ ሥጋ የለም፤ ባቄላም የለም። ያሉት ባዶ ጠርሙሶች ናቸው፤ አፋቸው ሰፋ ያለ፣ የማርማላታ ጠርሙሶች።

ባዶ ጠርሙስ ቀቅላ የምትውል ሴት አይታችኋል? ጎረቤቶቿም አላዩም ነበርና ሳቁባት። እሷ ግን የምትቀቅለው ለልጅ ልጇ ነው። እናንተ አያቶች ታውቁታላችሁ። የወለድነውን ስናሳድግ ጉልበት ነበረን፣ ፍርሃቱን አላወቅነውም። የልጅ ልጅ ሲመጣ ጉልበቱ ሄዷል፤ የቀረን ፍርሃቱ ነው።

ልጇ ታምራት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወጣ ይሰነብታል። ምራቷ ረድኤት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ከጡቷ አልባ፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ትሄዳለች። ሕፃኗ ሶልያና ከአያቷ ጋር ትውላለች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ "ወተቱ የሚቀመጥበት ዕቃ በደንብ ይቀቀል" ስላለች፣ ታምራት ከሞያሌ ሲመለስ ፕሬሸር ኩከር ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ቦንብ ነው ያመጣህልኝ?" አለች እናቱ።

"ድስት ነው እማዬ። ዘግተሽ ትጥጂዋለሽ፣ በቃ።"

"ከፈነዳስ?"

"አይፈነዳም።"

"አንተ ምን አለብህ! ሲፈነዳ ሞያሌ ነህ።"

ፈራችው። ግን ተማረችው፤ ለሶልያና ስትል ተማረችው። ከሥሩ ውሃ ታደርጋለች፤ ጠርሙሶቹ እንዳይሰነጠቁ ጨርቅ አንጥፋ ትደረድራለች፤ ክዳኑን አጥብቃ ትገጥማለች። እንፋሎቱ ሲወጣ ከላይ ቀዳዳው ላይ ትንሿን የብረት ክብደት ታስቀምጣለች። ሲያፏጭ ወደ በሩ ሸሸት ብላ ትጸልያለች። እሳቱን ካጠፋች በኋላ እንፋሎቱ በራሱ እስኪበርድ ትጠብቃለች እንጂ አትከፍተውም። ጠርሙሶቹ ሲወጡ ብርጭቆው እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ጠርሙሱ ንጹሕ ነው። በእሳትና በእንፋሎት ያለፈ ነው።

ሶልያና ግን ታመመች።

አስቀመጣት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ተሻላት። ደግሞ አስቀመጣት፣ ደግሞ ወሰዷት። ያ ክብ ፊቷ እየጠበበ፣ ዓይኗ እየሰፋ መጣ። አያቷ ምን አደረገች? ጠርሙሶቹን አብዝታ ቀቀለች። ጠዋት የቀቀለችውን ከሰዓት ደገመችው። ከዚያ ደግሞ፣ እንደማንኛችንም፣ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረች።

መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ጠረጠረች። የታሸገ ውሃ ተገዛ። አልተሻላትም።

ቀጥሎ እትዬ በላይነሽን ጠረጠረች። እትዬ በላይነሽ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ አብረው አርጅተዋል። ሕፃኗን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇን ያዘቻት።

"አትሳሚያት።"

"ምን አልሽ?"

"ከየት እንደመጣሽ አላውቅም። ልጄን ጀርም አታስይዢብኝ።"

በላይነሽ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። "እንግዲያው እኔንም እዚያ ፕሬሸርሽ ውስጥ ክተቺኝና ቀቅለሽ አውጪኝ! እጥፍጥፍ ብዬ እገባልሻለሁ።"

ሴትየዋ አልሳቀችም። በላይነሽም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ደጅ አልረገጠችም። ሕፃኗ ግን አልተሻላትም።

ውሃው አይደለም። ጎረቤቷም አይደለችም። ማን ቀረ?

አንድ ቀን ረድኤት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አማቷ ፊቷ ቆመች።

"ወተትሽ ነው" አለቻት።

"ምኑ፣ እማማ?"

"ልጅቷን የሚያማት ወተትሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ውስጥ፣ የጨርቅ ብናኝ ስትምጊ ትውያለሽ። ጡትሽ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? ዕቃው እንደሆነ ንጹሕ ነው፤ በእጄ ቀቅዬዋለሁ።"

"ነርሷ እኮ ጡት አታቋርጪ ብላኛለች።"

"ነርሷ ስንት ልጅ አሳድጋለች?"

ረድኤት እናት የላትም። ወልዳ የታረሰችው በዚህች ሴት እጅ ነው፤ ገንፎ ያጎረሰቻት፣ ገላዋን ያጠበቻት እሷ ናት። እንዴት አትመናት? አንዲት ልጅ የእናቷን ያህል የምታከብራትን ሰው ሳታምን ማንን ልትመን? ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ወተት አውጥታ ልብስ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ሲወርድ ቆማ አየችው። የዱቄት ወተት ተገዛ። ጡቷ አብጦ አንገበገባት፤ በጨርቅ አስራ ሥራ ገባች። ከዚያ ወተቷ ነጠፈ።

የዱቄቱም ወተት የሚቀመጠው የት ነው? በእነዚያው ጠርሙሶች ውስጥ ነው። ሶልያና ከበፊቱ ባሰባት። አሁን ትውከትም ጨመረባት። ሆስፒታል ተኛች።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ምላሴ ይከብደኛል። ሕፃን የያዛችሁ እዚያ ጋ፣ እባካችሁ ከመስኮቱ ፈቀቅ በሉ፤ ነፋስ ይመታታል።

ረድኤት ከሆስፒታል ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት መጣች። አማቷ ለሆስፒታል የሚወሰደውን ጠርሙስ ገና ከፕሬሸሩ እያወጣች ነበር። መዝሙር ታንጎራጉራለች። ረድኤት በሩ ላይ ቆመች። አማቷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ውስጡ የውሃ ጠብታ ነበረበት። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ወደ ጠርሙሱ አስገባች፤ ዙሪያውን፣ ታቹን፣ ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ ወለወለችው። ክዳኑንም እንዲሁ። በፍቅር ነው። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ እንደምንወለውለው፣ በፍቅር።

"እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርጊው?"

"ታዲያ ውሃ እያንጠባጠበ ላስቀምጠው? እኔን እንደዚያ አታውቂኝም።"

ረድኤት ነጠላዋን አየችው። እናንተም ከትከሻችሁ አውርዱና እዩት። በነጠላችን ጫፍ ምን ምን እናደርጋለን? የታክሲ ሳንቲም እንቋጥርበታለን። የሕፃን አፍንጫ እንጠርግበታለን። ለቅሶ ቤት እንባችንን እናብስበታለን። ትኩስ እጀታ እንይዝበታለን። የልጅ ልጇን በሚያስቀምጣት ጊዜ፣ የቸኮለች አያት፣ በምን ትጠርጋታለች? አጠገቧ ባለው ነው።

በእሳት ተቀቅሎ የነጻው ጠርሙስ በየቀኑ በዚያ ጨርቅ ይወለወል ነበር።

ረድኤት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ "ወተቴ ደህና ነበር ማለት ነው" አለች። ይህንን ብቻ።

ሶልያና ከሆስፒታል በሕይወት አልወጣችም።

ሐኪሙ ሲጠየቅ፣ "ከዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም" አለ። ሊያጽናና ይሆናል። ግን አስቡት፤ ያቺ ሴት ቢያንስ እርግጡን ብታውቅ አንድ ጊዜ አልቅሳ ትጨርስ ነበር። አሁን ከሰው ጋር ተቀምጣ ሳለ እጇን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። ረድኤት ይቅር ብያታለሁ ትላለች፤ እውነቷንም ነው። እትዬ በላይነሽም ለቅሶ መጥታ አቅፋታለች። ይቅርታው መጣ። ልጅቷ አልመጣችም። ጡቱም አልተመለሰም።

ለዚህ ታሪክ ጣፋጭ መጨረሻ ብዙ ፈልጌለታለሁ፤ አላገኘሁም። ሳገኝ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ።

ያቺ ሴት ሰነፍ ነበረች? አልነበረችም። ክፉ ነበረች? ከልቧ ነው የወደደቻት። ሥራውን አታውቅም ነበር? ከኔም ከእናንተም አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ምን ጎደላት? ውሃውን መረመረች፣ ጎረቤቷን መረመረች፣ የምራቷን ጡት መረመረች። ትከሻዋ ላይ ያለውን አልመረመረችም። የራስ ነገር አይሸትም። የራስ ጨርቅ ሁልጊዜ ነጭ ይመስላል።

እኛስ? እንጾማለን፣ እንጸልያለን፣ እዚህ ጉባኤ መጥተን እናለቅሳለን። እግዚአብሔር በእሳቱ አሳልፎ ያነጻውን ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ደጃፍ ላይ ስንደርስ የራሳችንን ጨርቅ እናወጣለን። ያችን የለመድናትን ቁጣ፣ ያችን "እኔ አውቃለሁ" የምትል ምላስ። በፍቅር ነው የምንወለውለው! ልጁ ሲኮበልል ጓደኞቹ ናቸው እንላለን። ትዳሩ ሲፈርስ ምራቴ ናት እንላለን። ልጅቷ ዝም ስትል ስልኩ ነው እንላለን። የምንነካው ሁሉ ሲታመምብን፣ እጃችንን የምናየው መቼ ነው?

ስንቶቻችሁ ናችሁ ደህናውን ወተት ያስደፋችሁ? ስንቷ ልጅ ናት በእናንተ ቃል ራሷን እንደ መርዝ የቆጠረችው? አመነቻችሁ እኮ። ስለምትወዳችሁ አመነቻችሁ።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ፍርሃቴን ታውቁታላችሁ። ቀን ከሌት የማስበው ስለ ልጆቻችሁ ነው። ያቺ ሴት ነጠላዋን ያየችው ከቀብር መልስ ነው፤ አጥባ አሰጣችው፣ ፀሐይ ላይ ነጭ ሆነ፣ የሚጠረግበት ሕፃን ግን አልነበረም።

እናንተ ዛሬ ቤት ስትገቡ በማንም ላይ ጣታችሁን ሳትቀስሩ፣ ከትከሻችሁ አውርዳችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ልጆቹ ገና ቤት ውስጥ እያሉ፣ ድምፃቸው ከጓዳ እየተሰማችሁ ሳለ፣ እዩት።