ማንም ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

አንድ ሰው ነበረ። የአንዲት ትንሽ ከተማ የእድር ዳኛ ነው። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እሷን ማማት ትጀምሩና እኔን መስማት ትተዋላችሁ።

ይህ ሰው መጥፎ ሰው አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ስለ መጥፎ አባት ባወራላችሁ ኖሮ ሁላችሁም ተደላድላችሁ ተቀምጣችሁ የጎረቤታችሁን ስም ታስቡ ነበር። ሰውየው ደግ ነው። በከተማዋ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ መተከሉን፣ ወንበሩ መድረሱን፣ ለቀስተኛው ውኃ ማግኘቱን የሚያየው እሱ ነው። ቀብር የቀረ ሰው ካለ በወሩ ስብሰባ ላይ ስሙን ጠርቶ ያስነሣዋል። «ወንድምህ በሞተ ቀን ያልተገኘህ፣ መቼ ልትገኝ ነው?» ይለዋል። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ልጅ አለችው። ትርንጎ ትባላለች። ስምንተኛ ክፍል ነች። ስምንተኛ ነች የምላችሁ እኔ ነኝ፤ እሱ ሲጠየቅ ምን እንዳለ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ። እናቷ የታመሙ የራሷን እናት ለማስታመም ከጥር ጀምሮ ገጠር ወርዳለች። ቤት ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው።

መጋቢት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች አንድ ገጽ ወሬ ጽፎ በልጆቹ እጅ ላከ። ርእሰ መምህሩ መምህር ይስማው ይባላል። ለከተማዋ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ገና ተስፋ አልቆረጠም። ገጹ ላይ ምን አለ? የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተጠገነ ይላል። በወረዳው የሒሳብ ውድድር ሁለት ተማሪዎቻችን አሸነፉ ይላል፤ ስማቸውም ተጽፏል፤ አንደኛዋ ትርንጎ ነች። ከታች ደግሞ በትልልቁ፦ የስምንተኛ ክፍል ወላጆች በአካል መጥታችሁ የልጃችሁን የፈተና ፎርም ፈርሙ፤ ያልተፈረመለት ልጅ ለክልሉ ፈተና አይቀመጥም።

ልጅቷ ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠችው። «እሺ፣ አየዋለሁ» አለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። በሳምንቱ ሁለተኛው ወረቀት መጣ። «እሺ አልኩሽ እኮ!» አለ። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ደስ አለው። ለምን ደስ አለው? ጀርባው ንጹሕ ነበራ! የእድሩን ድንኳን ዕቃ የሚመዘግብበት ወረቀት ሲፈልግ ነበር። ጻፈበት። ዐሥራ ስድስት ቋሚ። ሃያ ሁለት ገመድ። የጠፋ ካስማ፣ አራት።

አትሳቁ! እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲህ ባለ ወረቀት ስንጥቅ መስኮት የደፈነ አለ። አይቻለሁ፤ ቤቱ ገብቼ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት። በጠዋት ልጅቷ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አባባ፣ ዛሬ ካልፈረምክልኝ አልፈተንም።»

«ዛሬ እኮ ድንኳኑን የሚሰፉ ሰዎች ቀጥሬያለሁ። ሰው ቢሞት ለቀስተኛውን በቀዳዳ ድንኳን ላስቀምጠው?»

«ማን ሞተና ነው?»

«የሚሞት ሰው አስቀድሞ ይነግርሻል? ሂጂ አሁን። ስጨርስ እመጣለሁ።»

ስጨርስ እመጣለሁ! ወገኖቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ የእኛ ሥራ የሚያልቀው መቼ ነው? አንድ ቀን እንኳ ጨርሰን እናውቃለን?

ልጅቷ ሄደች። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ላይ አስፈቅዳ ወጣች። ወደ አባቷ የሄደች መሰላችሁ? አልሄደችም። እዚያ ሄዳ የምትሰማውን ታውቀዋለች። የሄደችው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደርበው ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ማን ሞተ ልጄ?»

«ማንም አልሞተም። አባባ ትምህርት ቤት እንዲመጣልኝ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? አባትሽ እኮ ዳኛው ነው! ሰው ሳይሞት ነፋህ ብሎ ከእድር ያስወጣኛል።»

«እኔ ደግሞ ከፈተናው ልወጣ ነው። ሦስት ጊዜ ወረቀት ሰጠሁት። ዛሬም ነገርኩት። አባባ እርስዎ ሲነፉ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ምሳውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ እርስዎን መጣሁ።»

የጋሽ ደርበው የልጅ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ እሳቸውም አንድ ቀን ሄደው አያውቁም። ተነሡ። ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረዱና ወጡ።

ውሸት አልተናገሩም፤ ይህን እወቁላቸው። ነፉና «ወላጅ የሆንክ ሁሉ፣ ወደ ትምህርት ቤት! ለልጅህ ፈርም! ማንም አልሞተም!» እያሉ ጮኹ። ነገር ግን ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ «ማንም አልሞተም» የሚለውን ማን ይሰማል? ሕዝቡ የሰማው ጥሩምባውንና ትምህርት ቤት የሚለውን ነው። ይኸው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶቹ ሱቃቸውን ዘጉ። ድንኳን የሚሰፉት ሰዎች ድንኳኑን ከነመርፌው ጠቅልለው፣ ቋሚውን ተሸክመው ሮጡ። ከፊት ማን አለ? ዳኛው። ትከሻው ላይ ሁለት ቋሚ።

መንገድ ላይ ወሬው ተወለደ። ትምህርት ቤት የሚሞት ልጅ ካልሆነ ማን ይሆናል? ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ «ሴት ልጅ ነች አሉ» ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ተባለ።

ዳኛው ይህን ሲሰማ ቋሚዎቹን መሬት ላይ ጣላቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር።

«ልጄስ? ልጄ የት ነች?» አለው ዘበኛውን።

«ስንተኛ ክፍል ነች?» አለው ዘበኛው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የድንኳኑን ካስማ አንድ በአንድ ያውቃል። በከተማዋ የትኛው ቤት ማን እንደሞተ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀበረ በቃሉ ይነግራችኋል። ቆመ። አፉን ከፈተ።

«ሰባተኛ… ሰባተኛ ይመስለኛል» አለ።

ይመስለኛል!

ሰባተኛ ሀ ገባ። የለችም። ሰባተኛ ለ ገባ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቀና ብለው አዩት፤ አንዷም የእሱ አይደለችም። የለችም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ «ልጄን! ልጄ የለችም! ልጄን!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ራሱ ሲጮኽ የሰማው ሕዝብ ከዚያ በኋላ ምን ይጠብቃል? ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። አንዷ ደረቷን ትመታለች፣ ሌላዋ «ወይኔ ትርንጎ፣ ወይኔ ልጄ!» ትላለች፤ ወንዶቹም ድንኳኑን መትከል ጀመሩ። አስቡት። ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ወደ ክፍሏ ተመልሳ፣ ከደረጃው ሃያ እርምጃ ርቃ ፎርሟን ይዛ ቆማለች፤ አባቷ ግን የት እንደሚፈልጋት ስለማያውቅ ደጅ ላይ ያለቅስላታል።

መምህር ይስማው ሮጦ መጣ። ሰውየውን በክንዱ ደግፎ ስምንተኛ ለ አስገባው። ልጁን አያት። እጁን ዘርግቶ ሲሄድ ግን የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ባንቺአምላክ በመካከል ገቡ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«አባቷ ነኛ!»

«የትርንጎን አባት እኔ አውቃቸዋለሁ። በየካቲት ካርድ ስንሰጥ መጥተው ፈርመዋል። ቀጠን ያሉ፣ ቱታ የለበሱ ሰው ናቸው።»

ማን መሰላችሁ? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ! በየካቲት አባቷ «እሺ» ብሎ ሲቀርባት፣ እሱን «ለአንድ ሰዓት አባት ይሁኑኝ» ብላ ለምና ነበር የገባችው። እንዲህ የምታደርገው የእሱ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካርድ ቀን ስንት ጎሚስታ፣ ስንት የባጃጅ ሾፌር አባት ሆኖ እንደሚውል መምህራኑን ጠይቁ።

መምህርቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በሰው ስም የሚፈርም ስለበዛ ነው በአካል ያልነው። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ እኚህ ናቸው?»

ትርንጎ ዝም አለች።

ለምን ዝም አለች? አዎ ብትል የየካቲቱ ውሸቷ ይወጣል፤ ፈርታለች። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሰውየውን እያየችው ነበር፤ ፊቱ በእንባ ረጥቧል፣ ኮቱ አቧራ ለብሷል። እሱም ያያታል። ልጁ አባቴ ነው እስክትለው ይጠብቃል! ለሞተ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ ሰው፣ በራሱ ልጅ ፊት ምስክር አጥቶ ቆሞ ይጠብቃል።

በመጨረሻ ተናገረች።

«አዎ፣ አባቴ ነው» አለች። «ያኛው ግን ካርዴን አንብቦልኛል።»

ፈረመ። ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ልጅቷ ተመዘገበች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ደጅ ላይ የነበረው ሕዝብ ምን አደረገ? ማንም እንዳልሞተ ሲነገረው ደስ አለው? ተቆጣ! «ማንም ካልሞተ ለምን ተጠራን? ሥራ አስፈታችሁን!» አለ። መምህር ይስማው ወንበር ላይ ቆሞ «እባካችሁ፣ ከመጣችሁ አይቀር፣ የልጆቻችሁን ፎርም ፈርሙ» ብሎ ለመነ። ለመነ እኮ! ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን መልሶ፣ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። የቀሩት ዐሥራ አንድ ናቸው። ዐሥራ ሁለተኛው ጋሽ ደርበው ነበሩ፤ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ለልጅ ልጃቸው ሰልፍ ያዙ።

እናንተዬ!

እኔ ደክሞኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። የእኛው ትምህርት ቤት ያንኑ የመሰለ ወረቀት ለእኔ ሰጥቶኝ ሦስት እሑድ እዚሁ ቆሜ አነበብኩላችሁ። ሦስት እሑድ! ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ስንት ሰው ሄደ? አራት። ከአራቱ አንዱ የሄደው ለሠርግ ወንበር ሊዋስ ነው።

ለቀብር መሄዳችሁን አልነቅፍም። ሂዱ። የሞተውን ቅበሩ፣ ያዘነውን አጽናኑ፤ ይህ የክርስቲያን ወግ ነው። ግን የሞተው ሰው መጣህ ቀረህ ብሎ አይጠብቅህም። ልጅህ ትጠብቅሃለች። የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች ትጠብቅሃለች። ሲደጋገም ቀና ማለቷን ትተወዋለች፤ አንተም «ልጄ አደገች፣ አታስቸግረኝም» ትላለህ። አላደገችም ወንድሜ። ሌላ አባት ፈልጋለች።

«እኔ አልተማርኩም፣ ሄጄ ምን እላለሁ?» የምትሉ አላችሁ። ማን ተናገሩ አላችሁ? ለቀስተኛ ቤት ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? ትቀመጣላችሁ። መገኘታችሁ ይበቃል። ታዲያ ለሕያው ልጅ መቀመጥ ምን ይከብዳል? «እናቷ ትሄዳለች» የምትሉም አላችሁ። እግዚአብሔር አደራውን ሲሰጥ ለእናቷ ብቻ ነው የሰጠው? «ነገ እሄዳለሁ» ለሚሉት ደግሞ የምለው የለኝም፤ እነሱን ለምጄያቸዋለሁ።

እኔንም አትዩኝ እንደ ጻድቅ። ይህን ታሪክ ላዘጋጅ ትናንት ስቀመጥ የትንሹን ልጄን የመምህር ስም አላውቅም ነበር። ባለቤቴን ጠየቅኳት። እሷ ልጁን ጠርታ «ለአባትህ ንገረው» አለችው። ልጁ ነገረኝ። ሲነግረኝ ግን የቤተ ሰብ ሳይሆን የእንግዳ ጥያቄ እንደሚመልስ ሆኖ፣ በትሕትና ነበር የነገረኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ወረቀቱን ለአራተኛ ጊዜ አላነብላችሁም። ቤት ግቡና ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። የትኛው ክፍል እንደሚማር፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደከበደው ጠይቁት። ካርዱን አንብቡለት፤ ማንበብ የማትችሉ ይዛችሁ አስነብቡት።

የትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ነገ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ማንም አልሞተም። ኑ።