የይማም ዓይንና አንዲቱ ድንጋይ

ሩቅ ባልሆነ በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተር የኛን ዘመን አቆጣጠር እንቢ ባለበት ጊዜ፣ ምንተስኖት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ቁጭ ብሎ አስተማረው። ፍርዱን ለእናንተ ስለምተው ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። እኔ ደጋግሜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ምንተስኖት ገና ተማሪ ሳለ ነው ፕሮግራሟን የጻፋት። የፈረንጅን ቀን ትቀበልና ወደኛ ቀን ትመልሳለች። ስሟን መባቻ አላት። አልሸጣትም፤ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጣትና የፈለገ ይውሰዳት፣ ውስጧን ከፍቶ ይያት፣ ጉድለት ያገኘ አርሞ ይመልስልኝ አለ። የዚህ ሙያ ወጉ እንዲህ ነው፤ በነፃ ትወስዳለህ፣ ያረምከውን ለሁሉም ትመልሳለህ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እንደዚያ እንዲሆን ነበር። መባቻን ባንኩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ አውቶቡስ ድርጅቱም ወሰዳት። ምንተስኖት ስሙ ገነነ፤ በየስብሰባው እየተጠራ ይጨበጨብለት ጀመር፣ ወጣቶችም አብረውት ፎቶ ለመነሳት ይጋፉ ነበር።

ነገር ግን ሎሚው ሁሉ እሱ ጉያ ውስጥ ቀረ። ወሳጁ ብዙ፣ አራሚው ጥቂት ሆነ። እሁድ አይል፣ በዓል አይል፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ ይህ ተበላሸ፣ ያ አልሠራም እያለ ይጽፍበታል። ሚስቱን ምጥ ይዟት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንኳ አንዱ ሰነፍ ብሎ ሰደበው። ያን ጊዜ ቆረጠ። ከረዳቶቹ ሁሉ ትጉህ ለነበረችው ለሩሐማ መባቻን አስረከባትና ልጁን ሊያሳድግ ቤቱ ገባ። በዚህስ ማን ይፈርድበታል? አንድ ነገር ግን ሳይናገር ሄደ። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው፤ ይኸውም ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ። ይህን ከቄስ አጎቱ ተምሮ ፕሮግራሟ ውስጥ በአንዲት መስመር አስፍሮት ነበር። ለምን ሦስት እንደሆነ ግን አጠገቡ አንዲት ቃል አልጻፈም። እሱ ያውቀዋል፣ ሌላው ከየት ይወቀው?

ሩሐማ ሐዋሳ የምትኖር የሒሳብ መምህርት ነች። ከክፍል ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ መባቻ ላይ የመጣውን አቤቱታ ታያለች። ማንም አልከፈላት፣ ማንም አላመሰገናት። ያረጀውን ኮድ ስታጸዳ ያቺን መስመር አገኘቻት። ሦስት ሲተርፍ? ትምህርት ቤት የተማረችው፣ ራሷም የምታስተምረው፣ ለአራት እኩል የሚካፈል ዓመት ቀን ይጨመርለታል የሚለውን ነው። የፈረንጁ ሕግ መሆኑ ትዝ አላላትም። ደግሞ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ታውቃለች፣ ያው አራት ነው አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና መስመሯን ለወጠቻት። ግዴለሽ ግን አልነበረችም፤ ለምንተስኖት በግል ስልኩ ላይ እንዲያይላት ላከችለት። እሱም የልጁን ገላ እያጠበ ነበርና ሳያነብ የአውራ ጣት ምልክት ሰደደላት። ሩሐማ አይቶታል ብላ ዘጋችው። ማቴዎስ አለፈ፣ ማርቆስ አለፈ፣ ምንም አልሆነም።

ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ነበረች። መባቻ ግን በአምስት ዘጋቻትና አዲሱን ዓመት አንድ ቀን አስቀድማ አስገባች። ከዚያ ወዲያ የምትናገረው ቀን ሁሉ አንድ ቀን የተጨመረበት ሆነ።

ይህን መጀመሪያ ያየው ይልቃል ነው። ይልቃል የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበር። በጳጉሜን ስድስት ጠዋት የተቆረጠው ትኬት መስከረም አንድ የሚል ሆኖ አገኘውና ደነገጠ። ጎበዝ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መስመሯን አግኝቶ አረማት፣ ከተሳፋሪውም አንድ ሰው እንኳ አልተጉላላም። ያረመው ግን የድርጅቱን ቅጂ ብቻ ነው። እርማቱን የሁሉም ወደሆነችው መባቻ ለመመለስ አለቃውን ቢጠይቅ፣ አለቃው በድርጅቱ ሰዓት የተሠራ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም አለው። አንዲት መስመር ጽፎ ስህተቱን ብቻ ማሳወቅ ይችል ነበር። ዋዜማ ነው፣ በግ አልገዛሁም፤ ደግሞ ይህን የሚያህል ስህተት ሌላ ሰው ሳያየው አይቀርም አለና ወጣ። ነግ በኔ አላለም።

ሌላ ሰው አላየውም። ሁሉም በዓል ላይ ነበር።

ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ይማም የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀኝ ዓይናቸውን ቀድሞ አጥፍቶት፣ በግራው ብቻ መርፌ ያስገቡ ነበር። ያንን ዓይን የሚያድን ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው በአካባቢው ሐኪም ቤት ጥቂት ቀን ሊቆዩ ነው ተባለና ተመዘገቡ። የሐኪም ቤቱ መዝገብ የፈረንጅ ቀን ነው የያዘው፤ ወደኛ ቀይራ በስልክ የምትልከው መባቻ ነች። ተራቸው መስከረም ስምንት ነበር። መልእክቱ ዘጠኝ አለ። ይማም አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ በልጃቸው በራቢያ ተመርተው፣ መስከረም ዘጠኝ ሳይነጋጋ ደረሱ። ሐኪሞቹ ትናንት ጨርሰው ሄደዋል። ሌላ ቡድን እስኪመጣ ግራውም ጠፋ። ያኔ ቢሠራ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለው ሐኪሞቹ በኋላ ነግረዋቸዋል።

ራቢያ ተማሪ ነችና ነገሩን ተከታትላ ከመባቻ ዘንድ ደረሰች። ሰው ሁሉ ስህተት የሚያመለክትበት ገጽ ላይ፣ አባቴ በአንድ ቀን ምክንያት ዓይኑን አጣ፣ ይህ የማን ጥፋት ነው ብላ ጻፈች። ሩሐማ አነበበችው፣ አልቅሳም ለምንተስኖት ላከችለት። ይልቃልም እዚያው ገጽ ላይ አነበበው። ከዚያ በኋላ ሦስቱም እህል አልዋጥላቸው አለ። ተደዋውለው ሐይቅ ሄዱ።

የአገሩ ወግ ይታወቃል። በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ከተበዳይ ፊት ይቆማል። ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር ብሎታል፤ ካላወረደለት በደሉን ይዞ ይመለሳል። ሦስቱም ከመንገድ ዳር ድንጋይ ድንጋያቸውን አንስተው፣ ሽማግሌው ሼህ እንድሪስ ከፊት ሆነው፣ ይማም ደጅ ደረሱ። ሽማግሌው ሦስት ሰዎች ሦስት ድንጋይ ተሸክመው መጥተዋል ብለው ነገሯቸው።

 ይማምም እንዲህ አሉ፦

«አብሽሩ ልጆቼ፣ መምጣታችሁ ደግ ነው። ግን ሦስት ድንጋይ አልቀበልም። ጥፋት ሦስት ቦታ ሲከፈል ይቀላል፤ የኔ ዓይን አልተከፈለም። የቀረኝ አንድ ነበር። ድንጋዩም አንድ ይሁን። የአንዳችሁን አንገት ዳብሼ አወርዳለሁ፣ እሱን ከልቤ ይቅር እላለሁ። ሁለታችሁ እንደመጣችሁ ሂዱ። የማን እንደሆነ እናንተ ተነጋገሩ።»

ይህን ጊዜ ነው ጉዱ። ሰው ጥፋት ሲገፋ እንጂ ሲሻማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያለ ይቅርታ ወደ ቤት መመለስ ሦስቱንም አስፈራቸው።

ምንተስኖት ቀደመ። «የወለድኳት እኔ ነኝ። ሳልነግራት ጥዬባት ሄድኩ፤ ስትጠይቀኝም ሳላነብ እሺ አልኩ። ባነበው ኖሮ ሁላችንም እዚህ አንቆምም ነበር።»

ሩሐማ እያለቀሰች ነው የተናገረችው። «ትክክለኛውን አበላሽቼ የጻፍኩት በገዛ ጣቴ ነው። አባባ፣ ቀኑን የሰረቅኩዎት እኔ ነኝ።»

ይልቃል ቀና ሳይል፣ «እነሱ አላወቁም» አለ። «እኔ አውቄ በግ ልገዛ ሄድኩ።»

ሼህ እንድሪስ ምንተስኖትን አዩ፣ ሩሐማን አዩ፣ ይልቃልን አዩ።  ራቢያም ማንን እንደምትጠላ ጠፋትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከሦስቱ አንዱም ድንጋዩን መሬት ሊያስቀምጥ አልፈቀደም። ይማም እጃቸውን ዘርግተው የሚመጣውን አንገት ይጠብቃሉ፤ ክንዳቸውም እየዛለ ነው።

እንግዲህ ሳትፈርዱ እንዳትበተኑ። ከእነዚያ እጆች በታች አጎንብሶ መቆም፣ ድንጋዩም ሊወርድለት የሚገባው የትኛው ነው?