የቀበሮው ዋስ

ይህችን ተረት የሰማኋት ተረት በራት ፋንታ በሚቀርብበት ቤት ነው፤ እነሆ።

ቀበሮ የእናት በግን ግልገል በላና በሬ በሚዳኝበት ሸንጎ ፊት ቀረበ። ከሳሹ ውሻ ነበር።

«ይገደል! ዘሩም ከመስኩ ይጥፋ!» እያለ ጮኸ።

«ግልገሉን በልቻለሁ፤ አልክድም» አለ ቀበሮ። «የዘወትር ምግቤ ግን አይጥ ነው።»

በሬ አመነዠከና፣ «ሁለተኛ ግልገል እንዳትነካ ዋስ ጥራ። ዋስ ካጣህ ትሞታለህ» አለው።

ቀበሮ ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ የተነሣችው ራሷ እናት በግ ነበረች።

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ። አምና ስናባርረው አይጥ የሣሩን ሥር ጨረሰው፤ ጡቴ ደርቆ ሁለት ልጆች በረሃብ ሞቱብኝ።» ወደ ከሳሹ ዞረች። «ለመሆኑ አያ ውሻ፣ ዘንድሮ ልጄ ሲበላ አንተ የት ነበርክ?»

«ሠርግ ቤት... አጥንት ነበር» አለ ውሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንግዲያው አያ በሬ፣ እሱም ዋስ ይጥራ!»

ሸንጎው ሳቀ። ለውሻ ዋስ የሚሆን ግን ስላልተገኘ፣ በበረቱ በር ላይ እንዲተኛ ተፈረደበት። ዛሬም እዚያው ነው። ግልገሎቹ ይቦርቃሉ፤ ቀበሮም በመስኩ ላይ አይጡን እያደነ ይበላል።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለልጆቻችሁም አቀብሉልኝ።