መዝጊያ የሌለው የድሪዮና በር

በግሪኮች አገር፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ አምባ ላይ፣ ድሪዮና የምትባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። ወደ አምባው የሚያስወጣው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚያልቀውም በወፍራም ቅጥር መካከል በተሠራ ትልቅ የድንጋይ በር ላይ ነው። መቃኖቹና ጉበኑ ዛሬም አልተነቃነቁም፤ መዝጊያ ግን የለውም። ጠላት ሰብሮት ወይም ዘመን አበስብሶት ሳይሆን የገዛ ሰዎቹ ነቅለው የጣሉት ነው ይባላል። ከአምባው በታች የሚኖሩ ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ቶሎ አይናገሩም፤ የተናገሩ ጊዜም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን የድሪዮና ሰዎች ከተማችንን ትጠብቃለች ብለው ለሚያመልኳት ለአቴና በአምባው አናት ላይ ቤተ መቅደስ ያሠሩ ነበር። የግንበኞቹ አለቃ አግላዎስ የተባለ የከተማው ተወላጅ ሲሆን፣ ድንጋዩን የሚፈነቅሉትና የሚጠርቡት ግን ከሌላ አገር መጥተው ከአምባው በስተጀርባ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱ አለቃ ሚኮን ይባላል። አግላዎስና ሚኮን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ቅጥሩንና በሩን፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ፣ የቤተ መቅደሱንም ዓምዶች አንድ በአንድ አብረው አቁመዋል፤ የሚኮን ሚስት ሚርታ ያቀረበችውንም በአንድ ገበታ በልተዋል።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የባሕር ወንበዴዎች መርከቦች ወደቡ ገቡ። በታችኛው ከተማ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ወደ አምባው ሮጦ ገባና በሩ ተዘጋ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሰፈራቸው ሩቅ ስለ ነበረ ዘግይተው፣ ሕፃን አዝለው፣ አረጋዊ ደግፈው ደረሱ።

«ክፈቱልን!» አሉ።

የከተማው ሽማግሌዎች ከበሩ ሥር ቆመው ተመካከሩ። ታላቃቸውም፣ «ውኃው ለእኛም አይበቃም። እነዚህ ከገቡ በአሥር ቀን ሁላችንም በጥም እናልቃለን» አለ። ይህ እውነት እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ጉድጓዱን ለክቶ ያስቆፈረው አግላዎስ፣ ውኃው ለእጥፍ ሕዝብ ክረምት ከበጋ እንደሚበቃ ያውቃል። ሽማግሌዎቹም ወደ እርሱ ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

ሁሉም ሲያየው ብቻውን መናገር ከበደውና ዝም አለ።

ወዲያው ከውጭ፣ «አግላዎስ፣ እዚያ ነህ? እኔ ነኝ፣ ሚኮን» የሚል ድምፅ ተሰማ። አግላዎስ ወደ መዝጊያው ተጠጋ።

ከጠራቢዎቹ አንዱ ተቆጥቶ፣ «ምን ያስለምነናል? መዶሻው በእጃችን ነው። የሠራነው እኛ፣ የላላውን ድንጋይ የምናውቀው እኛ። ሰብረን እንግባ!» አለ። ሚኮን ግን፣ «ከሰበርነው በኋላ በምን ይዘጉታል? ውስጥ ልጆች አሉ» አለው። አግላዎስ ይህን ከመዝጊያው ማዶ ሆኖ በጆሮው ሰማ። እጁንም መወርወሪያው ላይ አሳረፈ ይባላል፤ ግን አልሳበውም።

ወንበዴዎቹ ደርሰው ከውጭ የቀሩትን አርባ ሦስት ሰዎች ሁሉ አሥረው ወሰዷቸው፤ ቅጥሩን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ። ሕዝቡ ከፍቶ ሲወጣ መዶሻዎቹን ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጠው አገኛቸው።

ያን ጊዜ አግላዎስ በአደባባይ ቆሞ፣ «ውኃው ይበቃ ነበር። አውቅ ነበር» አለ። ሊወግሩት ይገባ ነበር፤ ግን ድንጋይ ያነሣ ሰው አልተገኘም፤ በሩ በተዘጋ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ሄጄ ልይ ያለ ከመካከላቸው አንድም አልነበረምና። በማግሥቱ መዝጊያዎቹን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር። ታላቁ ሽማግሌ፣ «ጠላት ቢመጣስ?» ቢለው፣ «እንግዲህ እኛም እንደ እነርሱ መጠጊያ እናጣለን» አለው። ያልረዳው ብዙ ነው፤ የከለከለው ግን የለም። ቤተ መቅደሱም ክዳን ሳይለብስ ቀረ፤ ሌላ ጠራቢ እናስመጣ ለማለት የደፈረ አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አንዲት ሴት ብቻዋን አቀበቱን ወጥታ ከበሩ ፊት ቆመች። ሚርታ ነበረች። ሚኮን በባዕድ አገር ድንጋይ ሲፈነቅል ሞቶ፣ እርሷ ከጌቶቿ አምልጣ ነው የመጣችው ይላሉ። አግላዎስ ሸምግሎ ነበር፤ ቢሆንም ገና ከሩቅ አወቃት። «ግቢ» ለማለት ግን በምን አፉ?

«ውኃ አለ?» አለችው።

ከጉድጓዱ ቀድቶ አመጣላት።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው። ያን ጊዜም ብዙ ነበር» አላት።

ሚርታ ግማሹን ጠጣች፤ የቀረውን በደፉ ላይ አፈሰሰችውና እግሯን ወደ ውስጥ ሳታስገባ ቁልቁለቱን ወረደች። ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ የለም።

ዛሬም ከአምባው ሥር ባሉት መንደሮች እንግዳ ሲመጣ ስሙና አገሩ ከመጠየቁ በፊት ውኃ ይሰጠዋል። እንግዳው ደግነት መስሎት ያመሰግናል። ሰጪው ግን ምስጋናውን አይቀበልም፤ ዋንጫው እስኪመለስለት ድረስም ዓይኑን ከመሬት አያነሣም።