ድሮኗ ከመነሣቷ በፊት

አንድ አስማረ የሚባል ገበሬ ነበር። እልኸኛ ነው፤ አንዴ ካለ አለ ነው። በዚያ ዓመት መሬቱን በሙሉ ባቄላ ዘርቶበት ስለነበር የቤተሰቡ የዓመት ተስፋ ያለው እዚያው ማሳ ላይ ነው። ባቄላው አምሮበት አበባ ባወጣ ሰሞን ግን ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ጥቁር ተባይ ወረረው። ክሽክሽ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ዛሬ አንድ አገዳ ላይ ያያችሁት፣ ጥቂት ቀን ከተዋችሁት ማሳውን ያጠቁረዋል።

አስማረ ባለፈው ዓመት መድኃኒት በጀርባው ተሸክሞ ሲረጭ ነፋሱ ፊቱ ላይ መልሶበት ሦስት ቀን አልጋ ይዞ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ «በድሮን ነው የማስረጨው፤ ያውም ፈቃድ ባለው ባለሙያ» ብሎ ቆረጠ። መንደርተኛው «በድሮን? ምን ዓይነት ቅብጠት ነው!» እያለ ሳቀበት። እሱ ግን ከተማ ድረስ ሄዶ፣ ጠይቆ አስጠይቆ፣ ያምሮት የምትባል የድሮን አብራሪ ይዞ መጣ። ፈቃዷን ተቀብሎ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ምን እንደፈለገበት እኔም አላውቅም፤ ብቻ ደስ አለው።

ያምሮት ዕቃዋን አውርዳ ስታበቃ ድሮኗን አላስነሣችም። የማሳውን ዳር ዳር በእግሯ መዞር ጀመረች።

«የሚበር ነገር ይዘሽ በእግርሽ ትዞሪያለሽ እንዴ?» አላት አስማረ፣ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ።

«እሷ የማታየውን እኔ ልይላት ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

በደቡብ በኩል ካለው አጥር ሲደርሱ ቆመች። ከአጥሩ ማዶ፣ ከወይራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የንብ ቀፎዎች ተደርድረዋል። ንቦቹ ከቀፎ ወደ ባቄላው፣ ከባቄላው ወደ ቀፎ ይመላለሳሉ።

«የማን ናቸው?»

«የጎረቤት። እኛን አይመለከቱንም።»

«ለባለቤቱ ተነግሮታል?»

የቀፎዎቹ ባለቤት ተገኘ የሚባል ሰው ነው። እሱና አስማረ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ጠቡ ምን መሰላችሁ? አስማረ «ንቦችህ የሚቀስሙት የእኔን አበባ ነው፤ ከማሩ ድርሻዬን አምጣ» አለ። ተገኘም በሰው ፊት ሳቀበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚህ ምክንያት ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይባባሉ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ኖሩ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለች ያምሮት። «ንብ አበባ ላይ እያለ ይህን መድኃኒት አልረጭም። የዛሬው ነፋስም ወደ ቀፎዎቹ ነው የሚነፍሰው። ሰውዬው ዛሬ ንቦቹ ሲገቡ ቀፎዎቹን ከዘጋልን፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እረጫለሁ።»

«ተባዩ እየበላኝ ነገ ትይኛለሽ? ፈቃድ አለሽ አይደል እንዴ?»

«ፈቃዱን ሲሰጡኝ ካስተማሩኝ ግማሹ መቼ እንደማላበር ነው።»

«እንግዲያው ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው አመጣለሁ!»

«ማምጣት ይችላሉ። ግን ንቦቹ ካለቁ ይህን ሁሉ አበባ ማን ፍሬ ያስይዝልዎታል?»

አስማረ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባ ሲላቸው የኖሩት ንቦች ለካ ሲሠሩለት ነበር። እልኹን ግን አልጣለም፤ አቅጣጫውን ብቻ ቀየረው። «ማሳዬን አድናለሁ ብያለሁ፤ አድናለሁ» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ተገኘ ቤት ሄደ። መንገዱ አጭር ነው። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አንዴም የጫማው ማሰሪያ የተፈታ አስመስሎ ጎንበስ አለ። እኔ አልፈርድበትም።

ተገኘ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ቀፎ በእበት ይመርጋል። ቀና ብሎ አየው እንጂ አልተነሣም።

«ተገኘ» አለ አስማረ እንደቆመ። «ነገ በማለዳ ባቄላውን መድኃኒት ላስረጭ ነው። ዛሬ ቀፎዎችህን ዝጋ። ንቦችህ እንዳያልቁብህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ተገኘ እጁን በሣር ጠረገና «ክሽክሹ ነው?» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከአንተ በፊት አይቼዋለሁ። የጀመረው በእኔ አጥር በኩል ነው፤ ዛሬ አሥር ቀኑ። ያኔ ሦስት አገዳ ላይ ብቻ ነበር። በእጅ ነቅለህ ትጨርሰው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንነጋገርማ» አለ ተገኘ፣ አንገቱን ደፍቶ። አፍሯል።

አስማረ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን እሱም ቅድም የዚህን ሰው ንቦች «አይመለከቱንም» ማለቱ ትዝ አለው። ያቺ ልጅ እንቢ ባትል ኖሮ ይኸኔ ቀፎዎቹ ባዶ ነበሩ። ከተገኘ ጎን ተቀመጠ። ጀንበር ስትጠልቅና ንቦቹ ሲገቡ ቀፎዎቹን አብረው ዘጉ፤ ሙቀት እንዳይጎዳቸውም እርጥብ ጆንያ አለበሱላቸው።

ጎህ ሲቀድ ነፋስ አልነበረም። ያምሮት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አየሩን ፈተነች፤ ከዚያ ድሮኗን አስነሣች። ሥራው ሰው ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ እንኳ አልፈጀም። ቀፎዎቹም እሷ በወሰነችው ቀን ተከፈቱ።

ባቄላው ፍሬ ያዘ። በአጥሩ በኩል ያለው ጥግ ግን አልዳነም፤ ጠቁሮ ደረቀ። በመከር ጊዜ አስማረ ሌላውን ሁሉ አጭዶ ያንን ጥግ እንደቆመ ተወው።

«ይህንን ምን ብለህ ተውከው?» አለው ሊያግዘው የመጣው ተገኘ።

«ስናልፍ ስናገድም ሁለታችንም እንድናየው» አለው።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ባለሙያ የምንቀጥረው እሺ እንዲለን ነው፤ «ቆይ» ሲለን እንቆጣለን። ዋናው ሙያ ግን ያ «ቆይ» ማለቱ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ያ አጥር ክሽክሹን አላገደም፤ ንቡንም ነፋሱንም አላገደም። ያገደው ሁለቱን ሰዎች ብቻ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ከእናንተ አጥር ማዶ፣ የእናንተን ጉዳት እያየ ስለተኳረፋችሁ ብቻ ዝም ያለ ሰው ይኖር ይሆን? እናንተስ የማንን እያያችሁ ዝም ብላችኋል? ዛሬውኑ ተነሡና ሂዱ። መንገድ ላይ የጫማ ማሰሪያ እንደተፈታበት ሰው ጎንበስ ብትሉም ማንም አይፈርድባችሁም፤ ብቻ ሳትደርሱ እንዳትመለሱ።